ጨረቃን፣ ጁፒተርንና ከዋክብትን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ የተገኛችሁ መምህራን፣ ወላጆችና የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ በመግቢያው በር በስተቀኝ ተሰቅሎ የነበረውን የሙሉ ጨረቃ ፎቶግራፍ ሳታስታውሱት አትቀሩም። በሥሩ የእኔ ስም ተጽፎበት ነበር፤ አንደኛም ተብሎ ተሸልሟል። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት በመጀመሪያ ስለዚያ ፎቶግራፍ እውነቱን ለመናገር፣ ቀጥሎም ከዚያ ወዲህ በሌሊት ሰማይ ሥር ቆሜ የተማርሁትን ለእናንተ ለማካፈል ነው። እውነቱም ይህ ነው፤ ያ ፎቶግራፍ የእኔ አልነበረም። እኔ ያደረግሁት አንድ ነገር መጫን ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ነው። በዚያ ምሽት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለ82 ደቂቃ ያህል ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ ገብታ ቀልታ ነበር። የደብረ ብርሃን ክረምት ግን ለማንም አይራራምና፣ እኛ ቤተ ሰቡ ሁሉ ጋቢ ለብሰን በግቢያችን ቆመን ያየነው ደመናውን ብቻ ነው። በዚህ ስናደድ ከረምሁና ዝናቡ እንዳባራ፣ ጥቅምት 26 ቀን ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ፣ የአጎቴን አዲስ ስልክ ለምኜ አነሣኋት። ሥዕሉን ባየሁ ጊዜ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ባሕር እየተባሉ የሚጠሩት ጥቋቁር ሜዳዎች፣ ጉድጓዶቹ፣ ከጉድጓዶቹ እንደ ፀሐይ ጮራ የሚፈነጥቁት ነጫጭ መስመሮች ሁሉ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እናቴም ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየች።

ከሽልማቱ በኋላ የፊዚክስ መምህራችን ወደ ሥዕሉ ቀርበው ብዙ ጊዜ ተመለከቱና፣ «ይህች ትንሽ ጉድጓድ ስፋቷ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። በማስመሪያ ለክቼ፣ የጨረቃን ስፋት 3,474 ኪሎ ሜትር አድርጌ ባሰላው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። «መልካም። አሁን ደግሞ የስልኩ ሌንስ ምን ያህል ትንሽ ነገር ለይቶ ማየት እንደሚችል አስልተሽ አምጪልኝ» አሉና ሄዱ። ምንም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት በደንብ አልተኛሁም።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ጥቂት ይበተናል። ስለዚህ በሰማይ ላይ ነጥብ የሆነ ነገር በሥዕሉ ላይ ነጥብ ሆኖ አይቀርም፤ ትንሽ ክብ ይሆናል። ሌንሱ በጠበበ ቁጥር ክቡ ይሰፋል፤ እርስ በርሳቸው የተቀራረቡ ነገሮችም ክቦቻቸው ተደራርበው አንድ ይሆናሉ። መጠኑን ለማወቅ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት በ1.22 አባዝቶ ለሌንሱ ስፋት ማካፈል ነው። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 0.00055 ሚሊ ሜትር፣ የስልኩ የሩቅ ማያ ሌንስ ስፋት ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ውጤቱን ጨረቃ ከእኛ ባላት አማካይ ርቀት፣ ማለትም በ384,400 ኪሎ ሜትር ስናባዛው 52 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። እንግዲህ ያ ሌንስ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ አየሩም ምንም ያህል ቢጠራ፣ በጨረቃ ላይ ከ52 ኪሎ ሜትር እጅግ ያነሰን ነገር ለይቶ ማየት በተፈጥሮ ሕግ አይፈቀድለትም። የእኔ ሥዕል ግን የ20 ኪሎ ሜትር ጉድጓድ ያሳያል። (በእንጦጦ ተራራ ላይ በ3,200 ሜትር ያህል ከፍታ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት እንዲኖራቸው የተደረገው ለምን እንደ ሆነ እኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ትልቅ መስተዋት ብዙ ብርሃን መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን አጥርቶ ለመለየትም ነው።)

ታዲያ ጉድጓዱ ከየት መጣ? ለዚህ መልስ የሚሰጠውን ፈተና እኔ አልፈለሰፍሁትም። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 አንድ ሰው አድርጎት ብዙ እንደ ተወራበት አንብቤ ነው። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ባለው ኮምፒዩተር ላይ አንድ የሙሉ ጨረቃ ሥዕል አወጣሁና አሳንሼ ሆን ብዬ አደበዘዝሁት፤ ጉድጓድም መስመርም የሌለበት ነጣ ያለ ክብ እስኪሆን ድረስ። ከዚያም መጋረጃውን ዘግቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ ከክፍሉ ማዶ ቆሜ ያን ደብዛዛ ክብ በአጎቴ ስልክ አነሣሁት። በስልኩ ላይ የታየው ሥዕል ጉድጓድ አለው! በኮምፒዩተሩ ላይ የሌለውን ነገር ስልኩ ከራሱ ጨመረበት። ስልኩ ብዙ የጨረቃ ሥዕሎች አጥንቶ የተሠራ ፕሮግራም ስላለው፣ ክብ ብርሃን በጥቁር ሰማይ ላይ ባየ ጊዜ «ይህች ጨረቃ ናት» ይልና የሚያውቀውን ይሞላበታል።

ይህን ለማድረግ የቻለበት ምክንያት ራሱ አንድ ትምህርት ነው። ጨረቃ ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅባት 27.3 ቀን ሲሆን፣ በራስዋ ዛቢያ ላይም አንድ ጊዜ የምትዞረው በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥቂት ከመወዛወዝ በቀር ሁልጊዜ የምታሳየን አንድ ፊትዋን ነው። ፊቱ የማይለወጥን ሰው በልብ ይዞ መሣል ቀላል ነው።

ለአጎቴ ይህን ብነግራቸው ተቆጡ። «ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ የገዛሁትን ስልክ ሐሰተኛ ነው ትያለሽን?» አሉኝ። ሐሰተኛ ነው አላልሁም። የልደት ቀን ሥዕል እጅግ አሳምሮ ያነሣል። ነገር ግን እኔ ለኤግዚቢሽን ያቀረብሁት «በዚያች ሌሊት ያየሁት ይህ ነው» ብዬ ነበርና፣ ያ ቃል እውነት አልነበረም። ለመምህራችን ይህንኑ ነገርኋቸው። የተሸለምሁትን መዝገበ ቃላት ልመልስ ብል፣ «መዝገበ ቃላቱን ያዢው፤ ሥዕሉን ግን በሚገባ አንሥተሽ አምጪ» አሉኝ።

እንግዲህ ካሜራ ያስፈልግ ነበር። በሰፈራችን የፎቶግራፍ ቤት ያላቸው አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉን። በፊልም ዘመን የጀመሩ፣ ዛሬም ለመታወቂያና ለሠርግ የሚያነሡ ሰው ናቸው። 18 እና 200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ሌንሶች ያሉትን አሮጌ ዲጂታል ካሜራቸውን ለማዋስ ፈቀዱልኝ። የመጀመሪያው ሌሊት ሥራዬ ግን ውርደት ነበር። ካሜራውን በራሱ እንዲወስን ትቼው ስለ ነበረ፣ ጨረቃዋ እንደ መብራት አምፖል ነጭ ሆና ወጣች። ይዤላቸው ብሄድ ሳቁና እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ ስሕተትሽ ጨረቃን የሌሊት ነገር አድርገሽ ማሰብሽ ነው። ሌሊት የሆነው በእኛ ላይ ነው እንጂ በእርስዋ ላይ አይደለም። እርስዋ ፀሐይ የሚመታት ድንጋይ ናት። ፀሐይ የሚመታውን ድንጋይ በምታነሺበት ልክ አንሺያት።»

«ጋሼ፣ ታዲያ ካሜራው ለምን አላወቀም?»

«ካሜራው የሚያየው በዙሪያዋ ያለውን ጨለማ ነዋ! ጨለማ ነው ብሎ ዓይኑን ይከፍታል።»

ከዚህ የበለጠ ግልጽ አነጋገር በመጽሐፍም አላገኘሁም። ጨረቃ ከሚደርስባት የፀሐይ ብርሃን መልሳ የምትልከው ከመቶ 12 ያህሉን ብቻ ነው፤ በመልክዋ ያረጀ አስፋልት ትመስላለች ማለት ነው። ብሩህ የምትመስለን ዙሪያዋ ጥቁር ስለ ሆነ ነው። የድሮ ፎቶግራፍ አንሺዎች ለሙሉ ጨረቃ የሚጠቀሙበት ደንብ የሌንሱን ቀዳዳ በቁጥር 11፣ አይ.ኤስ.ኦ.ውን በ100፣ ጊዜውን በሴኮንድ አንድ መቶኛ ማድረግ ነው። በቀን ሜዳ ላይ ፎቶ ለማንሣት ከሚያስፈልገው ብዙም አይለይም።

ደግሞም ሙሉ ጨረቃን ተዪ፣ ግማሽዋን ጠብቂ አሉኝ። በሙሉ ጨረቃ ጊዜ ፀሐይ ከእኛ በስተ ኋላ ሆና ፊት ለፊት ስለምታበራ ጥላ አይኖርም፤ ጥላ ከሌለም ተራራና ጉድጓድ አይለይም። በግማሽ ጨረቃ ግን ብርሃኑና ጨለማው በሚዋሰኑበት መስመር አጠገብ ፀሐይ ገና እየወጣች ስለ ሆነ ጥላው ይረዝማል። አስገራሚው ነገር የግማሽ ጨረቃ ብርሃን የሙሉው ግማሽ አለመሆኑ ነው፤ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን በ8፣ አይ.ኤስ.ኦ.ውን በ200፣ ጊዜውን በሴኮንድ አንድ ስልሳኛ አደረግሁት።

ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የገብርኤል ዋዜማ፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ስለሌለኝ ከረጢት በአሸዋ ሞልቼ በርጩማ ላይ አስቀመጥሁና ካሜራውን በላዩ አስተኛሁት። በጣት መጫን ካሜራውን ስለሚያንቀጠቅጠው፣ ከተጫነ ከ2 ሴኮንድ በኋላ ራሱ እንዲያነሣ አዘዝሁት። ሌንሱንም በእጄ እያዞርሁ አጠራሁ። እናቴ ሁለት ጊዜ ወጥታ «ብርድ ይመታሻል፣ ግቢ» አለችኝ፤ በሦስተኛው ጋቢዋን ደርባልኝ አብራኝ ቆመች። 43 አነሣሁ፤ ከእነርሱ የጠሩት 3 ብቻ ነበሩ።

በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ የጨረቃ ምስል በካሜራው ውስጥ 1.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ማንም ሰው የሌንሱን ርዝመት ለ110 ቢያካፍል ይህን ያገኛል። በሥዕሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ከ400 ጥቂት የሚበልጡ ነጥቦች ብቻ ይደርሷታል፤ አንዱ ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ከአጎቴ ስልክ ሥዕል ጋር ሲወዳደር ደሃ ሥዕል ነው። ነገር ግን ከጨለማው መስመር ጥቂት ወጣ ብሎ ሦስት ጉድጓዶች ጎን ለጎን ጥላቸውን ጥለው ይታያሉ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው። ስማቸውን በጨረቃ ካርታ ላይ ብፈልግ ቴዎፍሎስ፣ ቄርሎስና ካተሪና ሆነው አገኘኋቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ስም፣ ሦስተኛው በእስክንድርያዊቷ በቅድስት ካተሪና ስም የተሰየሙ ናቸው። አያቴ ቄርሎስ በጨረቃ ላይ አለ ብላቸው በመጀመሪያ አላመኑኝም።

ከጨረቃ በኋላ ወደ ጁፒተር ዞርሁ። በጥር ወር 2018 ዓ.ም. ጁፒተር ከፀሐይ ተቃራኒ ሆኖ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ይወጣ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ከእርሱ የሚነሣው ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ 35 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በእኔ ሌንስ የጁፒተር ስፋት 10 ነጥብ ያህል ብቻ ስለ ሆነ በፊቱ ላይ ያለውን መስመር አሳያለሁ ብዬ አልተመኘሁም። የተመኘሁት ጨረቃዎቹን ነው። ጋሊሊዮም እ.ኤ.አ. በ1610 እነዚህኑ አራቱን ያየው በዚሁ በጃንዋሪ ወር ነበር። ጊዜውን ግማሽ ሴኮንድ፣ አይ.ኤስ.ኦ.ውን 800 ሳደርገው ጁፒተር ራሱ ከልክ በላይ ነጣ፤ በግራና በቀኙ ግን ጥቃቅን ነጥቦች በአንድ መስመር ተሰልፈው ወጡ። በማግሥቱ ሳነሣ ሰልፉ ተለውጧል፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አዮ የተባለችው የቅርቧ ጨረቃ ጁፒተርን ለመዞር ከ43 ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃታል። ሦስቱን ሥዕሎች አንዱን ከሌላው በታች አድርጌ ለመምህራችን ባሳያቸው «ይህን ማንም አልጨመረልሽም» አሉ። እውነቴን ነው፣ ከመጀመሪያው ሽልማት ይልቅ ይህ ቃል ደስ አሰኘኝ።

ከዋክብት ከሁለቱም የተለየ ጠባይ አላቸው። ከእነርሱ የሚመጣው ብርሃን ጥቂት ስለ ሆነ በጊዜ ብዛት መጠራቀም አለበት። የእኛ ዓይን ብርሃን አያጠራቅምም፤ አንድን ኮከብ አንድ ሰዓት ብናፈጥበት ከመጀመሪያው ደቂቃ አብልጦ አይበራልንም። ካሜራ ግን ያጠራቅማል። እ.ኤ.አ. በ1840 ጆን ዊልያም ድሬፐር በኒውዮርክ ጨረቃን ለማንሣት 20 ደቂቃ ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1850 ደግሞ ዊፕልና ቦንድ የተባሉ ሰዎች በሃርቫርድ ቴሌስኮፕ ቬጋ የተባለችውን ኮከብ 100 ሴኮንድ ያህል ወስዶባቸው አነሡ፤ ከፀሐይ በቀር የማናቸውም ኮከብ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ይህ ነው። የድሬፐር ልጅ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1880 ካሜራውን 51 ደቂቃ ከፍቶ በኦሪዮን ውስጥ ያለውን የጋዝ ደመና በፎቶግራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀረ። ያ ደመና ከ1,300 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። ዛሬ እኔ በአሮጌ ካሜራ በ17 ሴኮንድ ውስጥ ከኦሪዮን መቀነት በታች ሐምራዊ ጭጋግ ሆኖ አገኘሁት። አባትና ልጅ የደከሙበትን ነገር እንዲህ በቀላሉ ማግኘት ጥቂት ያሳፍራል።

ለምን 17 ሴኮንድ እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ምድር በራስዋ ዛቢያ ስለምትዞር ከዋክብት በሰዓት 15 ዲግሪ የሚሄዱ ይመስላሉ። ካሜራው ብዙ ከተከፈተ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ መስመር ይሆናሉ። ልክ ለማወቅ 500ን ለሌንሱ ርዝመት ማካፈል ነው፤ የብርሃን መቀበያው ትንሽ በሆነ ካሜራ ግን ርዝመቱን በመጀመሪያ በ1.6 ማባዛት ይገባል። በ18 ሚሊ ሜትር ሌንስ 17 ሴኮንድ የሚሆነው በዚህ ነው።

ነገር ግን መስመር እንዲሆኑ ብንተዋቸውስ? ይህ ሐሳብ የመጣልኝ መብራት በጠፋ ሌሊት ነው። ከተማው በሙሉ ጨልሞ ሰማዩ ወደ ጣሪያችን የወረደ ይመስል ነበር። ካሜራውን ወደ ሰሜን አዞርሁ። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ግድም ላይ ስለምትገኝ፣ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ የምትቆመው በዚያው ልክ ነው፤ ከጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ራስ እምብዛም አትበልጥም። አይ.ኤስ.ኦ.ውን 100 አድርጌ ግማሽ ሰዓት ሊከፈት ተውሁት። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ «መጣ!» እያለ ጮኸ። ሥዕሉም ብርቱካን መሰለ። በሕይወቴ መብራት በመምጣቱ ያዘንሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መብራት እንደገና ጠፋና ግማሹ ሰዓት ሞላልኝ። ከዋክብቱ ሁሉ በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ቅስት ሠርተው ወጡ። በማግሥቱ ሥዕሉን አሳትሜ ከጂኦሜትሪ መሣሪያዬ ፕሮትራክተር አውጥቼ አንዱን ቅስት ለካሁት፤ ሰባት ዲግሪ ተኩል! ሌላውን ለካሁ፤ ያው ነው። ሰባት ዲግሪ ተኩልን በ48 ብናባዛው 360 ይመጣል፤ በቀንና በሌሊቱ ውስጥ ያለው ግማሽ ሰዓትም 48 ነው። የምድርን መዞር ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በፈተና ስጽፈው ኖሬአለሁ፤ በእጄ የለካሁት ግን በዚያ ቀን ነው።

አሁን በሳይንስ ክበብ ክፍል ግድግዳ ላይ ሁለቱም የጨረቃ ሥዕሎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። በመጀመሪያው ሥር ስልኩ የጨመረበት መሆኑን፣ በሁለተኛው ሥር ቀኑን፣ የሌንሱን ርዝመት፣ የቀዳዳውን ቁጥርና ጊዜውን ጽፌአለሁ። ብዙ ጎብኚ አሁንም የመጀመሪያውን ይወድዳል፤ አጎቴም ከእነርሱ አንዱ ናቸው።

ደመና የከለከለንን የጨረቃ ግርዶሽ በተመለከተ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጨረቃ እንደገና ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ ትሆናለች። ወሩ የበጋ ስለ ሆነ ሰማዩ ሳይጠራ አይቀርም። እኔ ያን ጊዜ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቼ እሆናለሁ፤ የዛሬ 8ኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ገና እዚሁ ናችሁ። በዚያ ሰዓት ጨረቃ ፀሐይ የሚመታት ድንጋይ አይደለችምና ከላይ የጻፍሁትን ደንብ ተዉት፤ አይ.ኤስ.ኦ. 800 እና አንድ ሴኮንድ ያህል ሞክሩ። ሲቀላ ጊዜውን እየጨመራችሁ፣ ሲለቅ እየቀነሳችሁ ደጋግማችሁ አንሡ። በርጩማውንና የአሸዋውን ከረጢት ከእኛ ቤት መጥቶ መውሰድ ይቻላል።